ጥለት ያለው ነጭ መሬት

እትዬ ጥሩነሽ ያረፉ ዕለት እኔ የሣር ማጨጃ ማሽኔን ገልብጬ ምላጩን እሞርድ ነበር። ልጃቸው ሰናይት ደወለችልኝ። «ጋሼ በላይ፣ እማዬ...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። ገባኝ። ሞረዱን መሬት ላይ ጣልኩና ማሽኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

የመጣብኝን ሐሳብ አልደብቅም። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ነፍሳቸው አይደለም፤ የሳቸው ነፍስ መንገዷን ጠይቃ የምትሄድ አይደለችም። ያሰብኩት ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ስላለው ነጭ መሬት ነው። አሁን ማን ይቆምለታል? አልኩ። ሲሚንቶ አፍስሰን ፓርኪንግ እናድርገው የሚል ሰው ሁልጊዜም አለ። እሳቸው እያሉ ግን ጮክ ብሎ የሚለው አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያናችን ዳላስ አጠገብ ካለችው ከሮውሌት ከተማ ብዙ አይርቅም። ድሮ የፈረንጅ ጸሎት ቤት ነበር፣ ማኅበራችን ገዛው። ፊት ለፊቱ አስፋልት ነው፣ ጀርባው ቁልቁል የሚወርድ ሜዳ። እዚህ አገር ሰው መሬት ሲባል የሚያውቀው ያንን ጥቁር ጭቃ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጫማ ያወልቃል፣ ፀሐይ ሲመታው የቤት ግድግዳ ይሰነጥቃል። ይሄኛው ሌላ ነው። አፈሩ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ነጭ ድንጋይ ይወጣል። ድንጋዩን አንሥተህ አስፋልት ላይ ብትጭርበት እንደ ጠመኔ ይጽፋል።

እኔ የማጨጃው ሰው ነኝ። ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ስነዳ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ የግቢውን ሣር ያዝኩ። ማንም አላዘዘኝም። ማንም እንዲያዘኝም አልፈልግም።

ከዓመታት በፊት ነው፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ቁልቁለቱን ላጭድ ማሽኑን አስነሥቼ ገባሁ። አንዲት አጭር ሴትዮ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መጡና ማሽኑ ፊት ቆሙ።

«አጥፋው!»

«እናቴ፣ ዞር ይበሉ። ድንጋይ ይፈናጠራል።»

«አጥፋው አልኩህ! የምታርደውን አይተኸዋል?»

አጠፋሁት። ተስማምቼ አይደለም፣ ቤንዚኑ በከንቱ እንዳይነድ ብዬ ነው። «አረም ነው» አልኳቸው።

«ስሙን ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም።»

«ስሙን ስላላወቅህ አረም አልከው? እዚህ አገር ያንተንስ ስም ስንቱ ያውቀዋል?»

ማሽኑን እየገፋሁ ከቁልቁለቱ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሽማግሌውን «አንተ» የሚለኝ ሰው በዳላስ አንድ ብቻ ሆነ። እኔም እትዬ አልኳቸው። በጥቂት ዓመት ቢበልጡኝ ነው፣ ግን ያስቆጥሩታል።

እትዬ ጥሩነሽ የመርሐቤቴ ቆላ ተወላጅ ናቸው። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፉ ነበር፤ መራመድ ያቃተውን መንገደኛ ሁሉ ከበር እስከ አውሮፕላን አድርሰዋል። ለዚህ ነው መሰለኝ ሲሄዱ ሁልጊዜ እጃቸውን ወደፊት ያስቀድማሉ፣ የሚገፉት ነገር እንዳለ። ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው ወደ ጸበል ጻዲቁ ይሄዳል፣ እሳቸው ወደ ሜዳው። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ቅጠል ይቀነጥባሉ፣ በመዳፋቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል። ከዚያ ሳይጠይቁህ አፍንጫህ ሥር ይደቅኑታል።

«በል አሽት!»

«ሸተተኝ፣ እትዬ።»

«ምን ምን ይላል?»

«ቅጠል ቅጠል።»

«አፍንጫህንም ፎርክሊፍቱ ላይ ትተኸው መጣህ?»

ያገራቸው ገደል ነጭ ነው አሉኝ። «የኖራ መሬት ኩሩ ነው። ቅጠል አያበዛም፣ ድሃ ይመስላል። ያበቀለው ግን ይሸታል፣ ይጸናል። ይሄ መሬት እኔን አያታልለኝም፣ ከዘመዶቹ ጋር ነው ያደግሁት።»

የእንግሊዝኛ ስማቸውን አያውቁም፤ ለማወቅም አልተቸገሩ። ስም የሚሰጡት ራሳቸው ነበሩ። ሐምራዊ ሆና ቅጠሏን ወደ ታች የምትጥለውን አበባ «ሐዘንተኛዋ» ይሏታል፣ ጠጉሯን የፈታች ትመስላለችና። መሐሉ እንደ ጣት ወደ ላይ የቆመውን፣ ዙሪያው ቀይ ቡኒ የሆነውን «የባሻ ቆብ» ይሉታል። ሽታው አፍንጫ የሚከፍተውን «ጦስኝ» ይሉታል፤ ጦስኝ አይደለም እኮ ብላቸው፣ «እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ ስንጠራው ግን ደስ ይለዋል» አሉኝ።

የሚወዱት ግን አንድ ሸካራ ነገር ነበር። ቅጠሉ እጅ ይፍቃል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። በሰኔ ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ ነጭ አበባ ያወጣል። ስሙን «ቋሚው» አሉት።

«ለምን ቋሚው አሉት?»

«ቅጠሉን እየው። እንደ ሌላው ተንጋሎ አይተኛም። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፊቱንም ወደ ምሥራቅ ያዞራል፤ እንደኛ። ያውም በዚህ ፀሐይ፣ መቋሚያ እንኳ ሳይይዝ።»

እኔ ሰው የነገረኝን ዝም ብዬ አላምንም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጥቼ አየሁ። ፀሐይ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጣሪያ በላይ ብቅ ስትል ቅጠሎቹ በሙሉ ፊት ለፊት ተቀበሏት፣ ልክ መቅደስ ውስጥ እንደቆመ ሰው። እውነት ሆኖ አገኘሁት። አልነገርኳቸውም።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ግርማ ይባላል፣ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ሆስፒታል ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ደግ ሰው ነው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሸሚዙን አውልቆ ይሰጣል። ግን ጽዳት ይወዳል፣ ሜዳውም እንደ ምንጣፍ እንዲሆንለት ፈለገ። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ሣር አስመጣና ከቁልቁለቱ በላይ አስነጠፈ። በቅዱስ ስም የሚጠራ ሣር ነው፣ ፈረንጅ ይወደዋል አለን። እትዬ ጥሩነሽ ቆመው አዩትና፣ «ቅዱሱ እዚህ ድንጋይ ላይ ከጸና እኔም ስለት እገባለሁ» አሉ። ውሃ አጠጣነው፣ አጠጣነው። ፍልሰታ ሲገባ ጭድ ሆነ። የሚሣለቁ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ አልተሣለቁም። ሣሩን በእግራቸው ነካ አድርገው፣ «ውሃ የለመደ የሀብታም ልጅ ነው፣ አትፍረዱበት» ብለው አለፉ። ግርማም ሣቀ፣ እኔም ሣቅሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ነገሩ ከረረ። ሜዳውን እሳቸው ስላላስነኩኝ ሣሩ ከጉልበት በላይ አደገ። ከጎረቤት አንዱ አቤት አለ መሰለኝ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ከሲቲው፣ የማስጠንቀቂያ ኖቲስ መጣ። ግርማ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ጋሼ በላይ፣ ሲቲው ሣሩ ረዘመ ብሎናል። ካላጨድን ይቀጡናል። ሶ፣ በዚህ ሳምንት ሁሉንም ክሊን ማድረግ አለብን። ማለቴ፣ ሕግ ሕግ ነው።»

«ኦኬ፣ ነገ አጭደዋለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሕግ ካለ ምን ልበል?

እትዬ ጥሩነሽ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። የተቆጡ እንደሆነ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ ያን ቀን በጣም ዝቅ አለ።

«ግርማ፣ እስቲ ና። ይሄ የለበስኩት ምንድን ነው?»

«ነጠላ ነዋ፣ እማማ።»

የነጠላቸውን ጠርዝ አጥፈው ቀለሙን ደበቁበት። «አሁንስ? ጥለቱ ባይኖር?»

ግርማ ግራ ገባው። «ያው... ነጭ ጨርቅ።»

«ይኸው ነው። የሲቲው ሰው ሜዳውን አይቶ ጨርቅ መሰለው፣ ጥለት የለውማ። ጥለት እናበጅለት። ዙሪያውን አሳምረን እናጭዳለን፣ ውስጡን አንነካም። ያኔ የተተወ ሳይሆን የተለበሰ መሆኑን ማንም ያያል።»

«እማማ፣ ሲቲው እኮ እንዲህ አይነት ነገር...»

«ሲቲው ዓይን የለውም? ጥራልኝ ሰውየውን። ካላሳመንኩት፣ በላይ ይጨደው። እኔም ዘወር ብዬ አላይም።»

ይሄን ሲሉ ያጠፉትን ጥለት ጨብጠው አልለቀቁም። መጨከናቸው ለኛ ነው እንጂ ለራሳቸው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ሜዳ ቢያጡ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም።

ነጭ ድንጋይ በነጠላቸው ሞልተው ዞሩ። ከሜዳው ጠርዝ ሁለት የማሽን ስፋት ያህል ገባ እያሉ አንድ አንድ ድንጋይ ጣሉ። አስፋልቱና ሜዳው በሚገናኙበት ደግሞ ጎንበስ ብለው በድንጋዩ በትልቁ ጻፉ፤ «እስከዚህ»። እኔ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ብዙ አታስኬደኝም፣ ያቺን ቃል ግን ከሩቅ አነበብኳት።

«በል፣ ከድንጋዩ ወዲህ እጨድ። ወዲያ አንድ ቅጠል ብትነካ ጸሎትህ አይሠምርም።»

አጨድኩ።

የሲቲው ኢንስፔክተር መጣ፣ ባርኔጣ ያደረገ ግዙፍ ሰው። እትዬ ጥሩነሽ እንደ መንገደኛ ክርኑን ያዙትና ይዘውት ገቡ። እንግሊዝኛቸው የኤርፖርት ነው። «ማይ ሰን፣ ስሎው፣ ስሎው» እያሉ ወሰዱት። እኔና ግርማ ዳር ቆመን እናያለን። ግርማ ጥፍሩን ይነክሳል። ጦስኙን ቀንጥበው አሹት፣ አፍንጫው ሥር ደቀኑበት። የመንግሥት ሰው እንዲህ ይደረጋል እንዴ! ሰውየው ግን ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ።

ሲመለስ ግርማን ጠየቀው፤ «ይሄን ሆን ብላችሁ ነው የተዋችሁት? ረስታችሁት አይደለም?»

ግርማ እትዬን አየ፣ ሜዳውን አየ። «ሆን ብለን ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግርማን እወደዋለሁ።

ሰውየው የታጨደውን ዙሪያ ተከትሎ ዞረ። ዳሩ እንዲህ ከተያዘ፣ የዱር አበባ ነው የሚል ታፔላም ከተተከለለት፣ በዓመትም አንዴ ከታጨደ፣ ለአለቃዬ አስረዳለሁ አለ። ቃሉን ጠበቀ፣ ኖቲሱ ተዘጋ።

የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ማሽኔን እየወለወልኩ ቆየሁ። መጡ። ጥለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«በላይ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ጥለትህ ጠማማ ነው።»

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ብቻውን አልሄደም።»

ይቺ ቃል የዘወትር ሰላምታችን ሆነች። እሑድ በመጣ ቁጥር ጠማማ ነው ይሉኛል፣ ማሽኑ ነው እላቸዋለሁ። በዓመት አንዴ የሚታጨድበትንም ጊዜ የቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ የጥምቀት ማግስት። ዘሩ ረግፎ ካለቀ በኋላ፣ አዲሱ ሳይነሣ፣ ምላጩን ከፍ አድርጎ። እኔም በዓሉ ባለፈ ማግስት ማሽኔን ይዤ እገባለሁ።

ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጮኹ ሰምቻለሁ። መስከረም ላይ በሜዳው ታችኛ ጥግ ረዣዥም ቢጫ አበባ ይፈነዳል። ለመስቀል ዋዜማ እናቶች ፌስታል ይዘው መጡ። አደይ ነው ብለው ደስታቸው ሌላ ነው፣ እልል አሉ። አገር ቤት እንደለመዱት ግንዱን ጨብጠው ከነሥሩ እየመዘዙ ፌስታሉን ሞሉ። እትዬ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አይተው እየጮኹ ወረዱ።

«ተይ! ተይ አንቺ! እጅሽን ሰብስቢ!»

«እትዬ፣ ለመስቀል እኮ ነው! ለእግዚአብሔር ነው!» አለች አንዷ፣ አልማዝ የምትባል።

«እግዚአብሔር ሥር መቼ ጠየቀሽ? አበባ ነው የጠየቀሽ!»

«አገር ቤትስ ስንነቅል ኖረን የለም እንዴ? በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።»

«ያ አደይ ነው። አደይ የዓመት እንግዳ ነው፣ ዘሩን ጥሎ ይሄዳል፤ ነቀልሽው አልነቀልሽው ግድ የለውም። ይሄ እንግዳ አይደለም። ከዚሁ ሥር ነው ዓመት ዓመት የሚነሣው። እዚህ እንግዳው እኛ ነን፣ ልጄ። ባለቤቱን ከቤቱ አትንቀዪው።»

አልማዝ አፈረች፣ ፌስታሏን አስቀመጠች። እትዬም ቁጣቸው እንደመጣ ሄደ፤ አቅፈው ሳሟት። የተነቀለውን መልሰን ተከልን፣ እኔ በጀሪካን ውሃ አመላለስኩ። ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ያዘ። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ ወንበር አውጥተው ሜዳው ጥግ ይቀመጣሉ፣ መቀስ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። ሰው ሁሉ ይሰለፋል። ቆረጥ ያደርጋሉ፣ ይሰጣሉ፣ «ከሁለቱ አንዷን ለንብ» ይላሉ። ልጆቹ አማርኛቸው ቢሰበርም ይሄን አይረሱም፤ «ዋን ፎር ንብ» ይላሉ።

ኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሰውን ሁሉ በዊልቸር ሲገፉ ኖረው በዊልቸር ተቀመጡ። ቁልቁለቱ ለዊልቸር አይሆንም። ሰናይት መኪናዋን ሜዳው ፊት ፓርክ አድርጋ መስኮቱን ታወርድላቸዋለች። አሁን የምወርደው እኔ ሆንኩ። ቀንጥቤ፣ በመዳፌ አሽቼ፣ ሳልጠይቃቸው አፍንጫቸው ሥር እደቅናለሁ።

«በሉ ያሽቱ።»

«ጦስኝ።»

«ይሄስ?»

«ይሄማ ያንተ እጅ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ታጠብና ድገመው።»

በመጨረሻ ዓመታቸው፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ መስኮቱን አስወርደው ጠሩኝ። ድምፃቸው ሳስቷል።

«አጨድከው?»

«በማግስቱ።»

«ከፍ አድርገህ?»

«ከፍ አድርጌ፣ እትዬ።»

«ዋሽተህ እንደሆነ በግንቦት ይነግረኛል።»

ግንቦት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አረፉ። ሜዳው አልዋሸም ብሎ ይመሰክርልኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት አብቦ አላየሁትም።

አርባቸው ሲቃረብ ግርማ ጠራኝ። ዓይኔን አያየኝም።

«ጋሼ፣ ሕዝብ ይበዛል። እሳቸውን የማያውቅ የለም፤ ከዳላስ ማዶ፣ ከሌዊስቪል፣ ከቤድፎርድ ሁሉ ይመጣሉ። ፓርኪንጉ አይበቃም። ለአንድ ቀን ድንኳኑን ሜዳው ላይ ብንተክል፣ መኪናውም እዚያ ቢገባ? ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ... ማለቴ፣ አንዴ ከተረገጠ ሲሚንቶውን እንጨርሰው የሚሉ አሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«ለሳቸው ተዝካር እሳቸውን ልትረግጡ ነው?» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። መናገር አልችልበትም፤ የምችለው ማጨድ ነው።

ከተዝካሩ በፊት ባለው ዐርብ ከሰዓት ማሽኔን ይዤ መጣሁ። ሰኔ ነው፣ ቋሚው ነጭ አበባውን አውጥቶ ፀሐዩ ውስጥ ቆሟል። ሣሩ የዋጣቸውን የእትዬን ድንጋዮች ፈልጌ አንድ አንድ እያነሣሁ እንደ ቀድሞው ጣልኳቸው። ዙሪያውን አጨድኩ። ከዚያ አንዱን ድንጋይ ይዤ አስፋልቱ ዳር ተንበረከክኩ። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኑብኝ፣ ግን ይነበባሉ፤ «እስከዚህ»። ተነሣሁና አጠገቡ ቆምኩ። የሚመጣ ካለ በእኔ ላይ ይለፍ አልኩ።

ድንኳኑን የጫነ ትንሽ የጭነት መኪና መጣ። የሚነዳው ግርማ ነው። ጽሑፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ አነበበው። እኔም ክርክሬን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉልኝ፣ መኪናውን ላዙርበት» አለ። «ድንኳኑ አስፋልቱ ላይ ነው የሚተከለው።»

«መኪኖቹስ?»

«ማዶ ያለውን ሱቅ ጠይቄ ፈቀደልን፤ እዚያ ፓርክ ያደርጋሉ።»

«ሲሚንቶውስ?»

«እኔ ሰብሳቢ ሆኜ አይነሣም። ሆን ብለን ነው ብዬ ለሰውየው የተናገርኩት እኔ አይደለሁ?»

ግርማ እጁን ኪሱ ከትቶ ሜዳውን አየ። ከዚያ የታጨደውን ዙሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ተከተለ፣ አንገቱንም ዘንበል አደረገ።

«ግን ጋሼ፣ አይቆጡኝና... ጥለትዎ ጠማማ ነው።»

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ብቻውን አልሄደማ» አለ።

እትዬ ጥሩነሽ በሕይወት ሳሉ ያቺን ቃል ስንት እሑድ ሰምቼ አንድ ቀን አቃንቼላቸው አላውቅም። ያን ዕለት ማሽኑን አስነሣሁና ተመልሼ ገባሁ፤ አቃናሁት።